እሬቷና ነጩ ጥጥ

ቀረብ በሉ። ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ወጋችን ከእናቴ በረንዳ ይነሳል፤ ራያ ይወርዳል፤ ባሕር ተሻግሮ ሜክሲኮ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደዚያችው በረንዳ፣ ወደ አንዲት አሮጌ የዘይት ጣሳ ይመለሳል።

ጣሳዋ ውስጥ ያለችው እሬት ናት። እኛ ቤት አምስት ልጆች አድገናል፤ አምስታችንንም ጡት ያስጣለችን ይህችው እሬት ናት። እናቴ ጊዜው ደርሷል ስትል ቅጠሏን ትቆርጥና መራራውን ቢጫ ፈሳሽ ጡቷ ላይ ትቀባለች። ሕፃኑ ይቀርባል፣ ይቀምሳል፣ ፊቱን አኮማትሮ ይሸሻል፤ ሁለት ቀን ያለቅሳል፣ በሦስተኛው ቀን ገንፎውን ይበላል። «እኔማ አልጨክንም ነበር፤ እሷ ናት የጨከነችልኝ» ትላለች እናቴ። እንግዲህ በቤታችን እሬቷ ከተክል አትቆጠርም፤ ከቤተሰብ ናት።

ጎረቤቶችም አሏት። ቅጠለ ወፍራሙ እንዳሁላ አለ፤ ወተቱ የሚያቃጥለው ቅንጭብ አለ፤ ከአንድ ቁራጭ የበቀለ በለስ አለ። ሁሉም ውሃ በገላቸው ቋጥረው በጋውን የሚሻገሩ፣ የዛሬ ወጣቶች ሰከለንት እያሉ የሚወዷቸው ዓይነት ናቸው። አንድ ጥር ወር ላይ እኔ ደግሞ አዲስ እንግዳ ጨመርኩባቸው። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ኤኬቬሪያ ገዛሁ፤ ቅጠሉ እንደ ጽጌረዳ የተደረደረ፣ ላዩ ላይ አመድማ ሰማያዊ ዱቄት የተነሰነሰበት። እናቴ መረቀችኝ። እኔም ከእሬቷ ጎን፣ ቅጠል ከቅጠል እስኪነካ አስጠግቼ አስቀመጥኩት። ልብ በሉ፤ ጥፋቱ የተሠራው ያን ዕለት ነው።

ነገሩን መጀመሪያ ያወሩት ጉንዳኖች ናቸው። መጋቢት ላይ በጣሳዋ ጠርዝ ሽቅብ ቁልቁል የሚመላለስ ቀጭን መስመር ታየ። እናቴ አመድ ነሰነሰችባቸው፤ ዞረው በሌላ በኩል ወጡ። ቀጥሎ የበረንዳው ወለል ስኳር እንደፈሰሰበት ሁሉ ጫማ መያዝ ጀመረ። ቀጥሎ የታችኞቹ ቅጠሎች ጥላሸት የመሰለ ነገር ለበሱ። በመጨረሻም ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት፣ እሬቷ ብብት ውስጥ፣ ነጭ ጥጥ አየን።

አንድ ጎረቤታችን መጥቶ አየና «በቃ ተበልታለች፤ ከነጣሳዋ ጣሏት» አለ። በማግስቱ ደግሞ አዝኖልን ነው መሰለኝ፣ ምንም ጽሑፍ በሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ መድኃኒት ይዞ መጣ። የምን መድኃኒት እንደሆነ፣ በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ የሚያውቅ የለም። እናቴ አመሰገነችውና «የልጅ ልጆቼ እዚህ በረንዳ ላይ ይድሃሉ፤ እሬቷ ስታብብም ንቦች ይመጣሉ። ስሙን የማላውቀውን መርዝ ቤቴ አላስገባም» አለችው። በወቅቱ ግትርነት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከዚያ የበለጠ ትክክለኛ ውሳኔ በዚያ በረንዳ ላይ አልተወሰነም።

እንግዳዋ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ከራያ፣ ከመኾኒ፣ እናቷን ለዓይን ሕክምና ይዛ ነው፤ ከባለቤቴ ዘመዶች በኩል ስለምንተዋወቅ እኛ ጋ አረፈች። ሰላምታው ተጠይቆ ሳያልቅ ዓይኗ ወደ ጣሳዋ ሄደ። ተነሳች። እየተናገረች የነበረውን ትታ፣ አንዱን ነጭ ጥጥ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ጨፈለቀችና ጣቷን ወደ ብርሃን አቀረበች። ጣቷ ላይ የቀረው ቢጫማ እርጥበት ነበር። ከዚያ ወደ በለሱ ዞራ እያንዳንዱን ቅጠል ፊትና ጀርባውን አየች። በለሱ ንጹሕ ነው። ትንፋሿን ለቀቀች።

«ተመስገን፤ እሱ አይደለም» አለች።

«ማን ነው እሱ?» አለች እናቴ።

«አገሬን የበላው ነው፣ አደይ። እሱ ቢሆን ጣቴ ደም ይመስል ነበር።»

ተቀመጠችና ነገረችን። «እኛ ዘንድ በለስ አጥር ነው፤ በለስ የከብት መኖ ነው፤ በለስ ምሳ ነው። ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲራቆት፣ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ሳለ፣ ልጆቼን ያሻገረልኝ እሱ ነው። በጋ ላይ ሣሩ ሲጠፋ ደግሞ ቅጠሉን በእሳት ለብለብ አድርገን እሾሁን እናነድና ለከብቱ እንሰጠዋለን። አንድ ቀን ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ታየ። ልጆቹ እየጨፈለቁ ጥፍራቸውን ቀለም ይቀቡበት ጀመር፤ እኛም አይተን ሳቅን። በዓመቱ ሳቁ ቀረ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ተጨማደደ፣ ወደቀ። አጥሩ መሬት ላይ ተኛ። ከብቶቹም በተኛው አጥር ላይ ተራምደው ወጡ።»

እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። የቡናው ጭስ በመሐላችን ይወጣል። የቀረውን እኔ ካነበብኩት ልሙላላችሁ፤ የዚያ ነጭ ጥጥ መንገድ ረጅም ነውና።

ስሙ ኮቺኒል ነው። አገሩ እንደ በለሱ ሁሉ የአሜሪካ አህጉር ነው። ሴቷ ክንፍ የላትም፤ አፏን እንደ መርፌ በለሱ ውስጥ ትሰካና ዕድሜዋን ሙሉ እዚያው ተቀምጣ ትመጥጣለች፤ ላይዋንም በነጭ ሰም ትሸፍናለች። ሆዷ ውስጥ ያለው ቀይ ነገር ካርሚኒክ አሲድ ይባላል፤ ለራሷ ከጠላት መከላከያ፣ ለሰው ግን ቀለም ነው። የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች፣ በተለይም የኦአካካ ሰዎች፣ እስፓኞች ሳይመጡ ገና ጥጥና ጠጉር ያቀልሙበት ነበር። እስፓኞች በ1521 እ.ኤ.አ. አገሩን ከያዙ በኋላ ቀለሙ ከሜክሲኮ ወደ አውሮፓ በሚጫነው ሀብት ከብር ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። ለግማሽ ኪሎ ያህል ደረቅ ቀለም 70,000 ገደማ ነፍሳት ያስፈልጋሉ። የነገሥታትና የካርዲናሎች ቀይ ልብስ በዚህ ተነክሯል። እስፓኞች ምስጢሩን ከ200 ዓመት በላይ ስለጠበቁት አውሮፓ ውስጥ ፍሬ ነው፣ ዘር ነው፣ ትል ነው እየተባለ ሲያከራክር ኖረ። በ1777 እ.ኤ.አ. ቲየሪ ደ ሜኖንቪል የሚባል ፈረንሳዊ የዕፅዋት ሊቅ ኦአካካ ድረስ ሄዶ ነፍሳቱን ከነበለሱ ደብቆ አወጣ። ዛሬም ምግብና የከንፈር ቀለም ማሸጊያ ላይ ኢ120 የሚል ካያችሁ፣ እሷው ናት።

አገሯ ላይ ኮቺኒልን የሚበሉ ጠላቶች አሏት፤ ገበሬውም በብሩሽ እየጠረገ ይሰበስባታል። ጠላቷና ሰብሳቢዋ በሌሉበት ስትለቀቅ ግን ሌላ ታሪክ ይሆናል። በደቡብ ማዳጋስካር ያሉ አርብቶ አደሮች ልክ እንደ ራያዋ እንግዳችን በለስን አጥርም፣ መኖም፣ ምግብም አድርገው ይኖሩ ነበር። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የኮቺኒል ነፍሳት ደሴቲቱ ገቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በለሱ አለቀ፤ ከብቱ ሞተ፤ በ1930 ገደማ ረኃብ መጣ፤ ብዙ ሰውም ተሰደደ።

ትግራይ ውስጥ ኮቺኒል የገባው በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በለሱ ሞልቷል፣ ቀለሙን አምርተን ለውጭ ገበያ እንሽጥ የሚል ነበር። ኋላ ግን ገዢና ሰብሳቢ ሲጠፋ ነፍሳቱ ቀሩ። ገና የተፈለፈሉት ግልገሎች ጀርባቸው ላይ እንደ ክር የረዘመ የሰም ጭራ አላቸው፤ ነፋስ በዚያ ይሸከማቸዋል። በከብት ጠጉር፣ በሰው ልብስም ይጓዛሉ። በራያ አዘቦና በአካባቢው በብዙ ሺህ ሄክታር የሚቆጠር በለስ ተጠቃ፤ ሕዝቡም የታመመውን እየቆረጠ ለመቅበር ወጣ።

«አየሽ» አለችኝ እንግዳዋ፣ «እኛ ዘንድ ነፋሱ ነው ያሸነፈን። እዚህ ግን አምስት ጣሳ ነው ያላችሁ። አምስት ጣሳ በእጅ ይሸነፋል።»

የእናቴ በረንዳ ላይ ያለው ሚሊባግ ነው። ከኮቺኒል ጋር ዘመድ ናቸው፤ ሁለቱም ጭማቂ መጣጭ፣ ሁለቱም ሰም ለባሽ። ኮቺኒል ከበለስና ከበለስ ዘመዶች አይወጣም፤ ሚሊባግ ግን ያገኘውን ይቀምሳል። ከሚመጥጠው ጭማቂ የተረፈውን ስኳር እንደ ማር ያንጠባጥባል። ወለሉን ያጣበቀው፣ ጥላሸት የመሰለውን ሻጋታ ያበቀለው እሱ ነው። ጉንዳኖቹም የሚመጡት ለዚያ ማር ነው፤ ሚሊባጉን እንደ ላም ይጠብቁታል፣ ጠላቱን ያባርሩለታል።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ጀመርን። እንግዳዋ የመጀመሪያ ትእዛዝ ሰጠች፤ «ይለያዩ።» የታመመው ከጤነኛው ተለየ፤ ኤኬቬሪያው ወደ ጓሮ ሄደ። ቅጠሉን ሳነሳ ሥሩ ላይ ያረጀ ጥጥ አየሁ፤ ከእሬቷ ጥጥ የቀደመ ነበር። ምንም አልተናገርኩም። እናቴም አይታለች፤ እሷም ምንም አልተናገረችም። ጉንዳኖቹ እንዳይወጡ ጣሳዋን ውሃ በያዘ ሳህን መሐል፣ ድንጋይ ላይ አቆምናት።

ከዚያ ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮልና የጆሮ ጥጥ አመጣሁ። ጥጡን ነክሮ እያንዳንዱን ነጭ ነጥብ መንካት ነው፤ አልኮሉ ሰሙን ያሟሟና ነፍሳቱን ያደርቃል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሮ አንድ ሁለት ቀን ማየት ያስፈልጋል፤ ሥራውም ፀሐይ ሲበርድ ነው። እኔ እሬቷ ላይ ሞክሬ ኤኬቬሪያው ላይ ሳልሞክር ጠረግኩት። ሰማያዊው ዱቄት ከነፍሳቱ ጋር ተጠረገ። ያ ዱቄት ጌጥ አይደለም፤ ተክሉ ከፀሐይ የሚከለልበት ጥላው ነው። ከተጠረገበት ቅጠል ላይ ተመልሶ አይመጣም፤ አዲስ ቅጠል እስኪተካ ይጠበቃል። ዱቄት የለበሰውን በቀጭን ብሩሽ ጫፍ፣ ነፍሳቱን ብቻ እየነካችሁ ሥሩ፤ ቅጠሉን አታብሱ።

ለእንዳሁላው የሳሙና ውሃ ሠራን። አንድ ሊትር ውሃ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ በረኪና የሌለበት ፈሳሽ ሳሙና። በመርጫ ከቅጠሉ ሥር ጀምሮ ማርጠብ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ በንጹሕ ውሃ ማጠብ። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ የተደበቀውን አያገኘውም። ቅንጭቡ ጋ ስደርስ እንግዳዋ እጄን ያዘችኝ። «ወተቱ ዓይንሽ እንዳይገባ። ሳትቆርጪው ጥረጊ፤ መቁረጥ ግድ ከሆነ ዓይንሽን ሸፍኚ፤ ስትጨርሺም እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።» እናቷን ለዓይን ያመጣች ሴት ናትና ቃሉን እንዴት እንደተናገረችው አልረሳውም።

ያን ማታ በረንዳው ንጹሕ ነበር። አሸነፍን አልን።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጥጡ ተመልሷል። እናቴ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ነኝ ያረጀሁት ወይስ ይኼ ነገር አይሞትም?» አለች። የሞቱት ሞተዋል፤ የመጡት ልጆቻቸው ናቸው። አንዷ ሴት ጥጧ ሥር ከ300 እስከ 600 እንቁላል ትጥላለች፤ ጥጡ ሽፋን ሆኖ እንቁላሉን ከሳሙና ያድነዋል። በአንድ ሁለት ሳምንት ይፈለፈላሉ። ሲፈለፈሉ ቢጫ ናቸው፤ ከሰናፍጭ ፍሬ ያንሳሉ፤ ይሮጣሉ፤ ሰምም ገና አልለበሱም። በቀላሉ የሚሞቱት ያኔ ነው። ስለዚህ የሚሊባግ መድኃኒቱ ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ይልቅ ቀን መቁጠሪያው ላይ ነው፤ በየሰባት ቀኑ ተመልሶ መምጣት። አንድ ጊዜ በብርቱ የረጨ ይሸነፋል፤ አምስት ጊዜ በርጋታ የተመለሰ ያሸንፋል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጥጡ አንሷል፤ እሬቷ ግን አልተመለሰችም። ቅጠሏ ቀጥኗል፣ ጫፏ ቀልቷል። እናቴ ውሃ ልጨምርላት ስትል እንግዳዋ «ቆይ አደይ፣ ሥሯን እንይ» አለች። ጣሳዋን አጋድመን ቀስ ብለን አወጣናት። ሥሮቿ መካከል ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል፤ የጣሳው ግድግዳም በነጭ ተለቅልቋል። ከላይ ሦስት ቅዳሜ ስንዋጋ፣ ከታች ሌላ ሠራዊት ነበር። ሥር ላይ የሚኖሩ ሚሊባጎች ናቸው።

አፈሩን አራግፈን ሥሯን እስኪጠራ በውሃ አጠብን። የበሰበሰውን በእሳት በተለበለበ ቢላ ቆረጥን። ሥሯን በሳሙና ውሃ ነክረን አለቀለቅናት። ከዚያ እናቴ ያላመነችበት ነገር መጣ፤ እሬቷ ያለ አፈር፣ ያለ ውሃ፣ ጥላ ሥር ጋዜጣ ላይ አምስት ቀን ተኛች። የተቆረጠው ቁስሏ ደርቆ ቆዳ ካላወጣ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። እናቴ ማታ ማታ እየወጣች ታያት ነበር፤ ሕፃን እንደታመመባት ሴት። የድሮው አፈር በፌስታል ታስሮ ተጣለ፤ ወደ ጓሮ ቢደፋ ጦሩ ሌላ ቦታ ይጀምራል። ጣሳው በፈላ ውሃ ታጠበ፤ ሥሩ ላይ የነበረችው አንዲት የተደፈነች ቀዳዳ አምስት ሆነች። አዲሱ አፈር ግማሹ ግንበኞች ሬዳሽ የሚሉት ቀይ ጠጠር ነው፤ ውሃ አይቋጥርም። ተተከለች፤ ሳምንት ውሃ አልጠጣችም።

ያን ጊዜ ሌላም ነገር አመንኩ። ከየካቲት ጀምሮ እንድታምር ብዬ ዩሪያ በማንኪያ እጨምርላት ነበር። ናይትሮጅን የበዛበት ተክል ገላው ይለሰልሳል፣ ጭማቂው ይጣፍጣል፤ ሚሊባግም በዚያ ይወፍራል፣ ይበዛል። በረኃብ እንድትኖር የተፈጠረችውን በፍቅር አጥግቤ ለጠላቷ ድግስ አዘጋጅቼላታለሁ።

ጠላት ሚሊባግ ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹንም በአጭሩ ልንገራችሁ። አበባ ባወጣ ዘንግ ላይ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ክሽክሽ ከሰፈረ በውሃ ግፊት አራግፉት፣ ወይም ዘንጉን ቁረጡት። ግንድ ላይ የተለጠፈ፣ በጥፍር ሲነካ የሚፈነቀል ቡናማ ቅርፊት ካያችሁ እሱም ነፍሳት ነው፤ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ይለቃል። ቅጠሉ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ካወጣና ቀጭን ድር ከታየ ቀይ ሸረሪት ነው፤ ደረቅና ሞቃት ቦታ ይወዳል። እሱ ከነፍሳት ወገን ስላልሆነ ብዙው የነፍሳት መድኃኒት አይገድለውም፤ የቅጠሉን ጀርባ ደጋግሞ በውሃ ማጠብ ይጠቅማል። እሬት ላይ እንደ ዕጢ ያበጠ፣ የተጠማዘዘ ነገር ካያችሁ ግን አትለማመጡት፤ በዓይን የማትታይ ተባይ ውስጡ ገብታ የፈጠረችው ነው። ያበጠውን ቆርጣችሁ፣ በፌስታል አስራችሁ ጣሉ፤ ቢላውንም በአልኮል አጽዱ።

ደግሞም ከመግደላችሁ በፊት ወዳጅን ከጠላት ለዩ። በ1891 እ.ኤ.አ. አልበርት ኮብሌ የተባለ ሰው ከአውስትራሊያ ወደ ካሊፎርኒያ አንዲት ትንሽ ጢንዚዛ አመጣ፤ ሚሊባግ በላተኛ ናት። የእሷ ልጆች ሲያድጉ ልክ እንደ ሚሊባግ ነጭ ጥጥ ይለብሳሉ። ላያቸው አንድ ነው፤ ግን እነሱ ፈጠን ፈጠን ብለው እየዞሩ ሚሊባግ ያድናሉ። ሳያይ የሚረጭ ሰው ሁለቱንም በአንድ ላይ ይገድላል፤ ቶሎ ተመልሶ የሚበዛው ደግሞ ጠላት ነው።

በአራተኛው ቅዳሜ ሦስት ነጥብ አገኘን። በአምስተኛው ምንም። እንግዳዋ «አሁን ነው መጠንቀቅ» አለችና ሁለት ቅዳሜ ጨመረች። ሰኔ ሲገባ ከእሬቷ መሐል አዲስ ቅጠል ወጣ፤ ከጎኗም ልጅ አበቀለች፤ ከአውራ ጣት የማትበልጥ። ኤኬቬሪያውም አልተጣለም። ጓሮ ውስጥ ለብቻው ነው፤ ያጠፋሁበት ዱቄት በአዳዲሶቹ ቅጠሎች ላይ እየተመለሰ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የሚገባ ማንኛውም ችግኝ ከሌሎቹ ተለይቶ አርባ ቀን ይቀመጣል። አራስ ናት እንላለን።

የእንግዳዋ እናት ዓይን ተሠራ፤ ነሐሴ ላይ ሊመለሱ ተነሱ። በመንገድ ዳር ልጆች በለስ በባልዲ ውሃ ነክረው የሚሸጡበት ወቅት ነበር፤ እንግዳችን ገዝታ ለእናቴ ስትልጥ እጇ አይሳሳትም፤ እሾሁ ሳይነካት ፍሬው ይወጣል። እናቴ ከእሬቷ ልጅ ልትሰጣት ፈለገች። እንግዳዋ ቶሎ አልተቀበለችም። «አደይ፣ እኔ ከተማ አቋርጬ አፈር አልወስድም» አለች። ስለዚህ የእሬቷን ልጅ ለይተን አወጣናት፤ ሥሯን አጠብን፤ አደረቅን። እሬት ያለ አፈር ሳምንታት ትቆያለች፤ መንገዱ አይከብዳትም።

በመነሻቸው ጠዋት እናቴ ትንሿን እሬት በጋዜጣ ጠቅልላ አቀበለቻት። እንግዳዋ አልሳመቻትም፣ አላመሰገነችም፤ መጀመሪያ ጋዜጣውን ፈታች። ወደ ፀሐይ ወጥታ፣ አራቱን ቅጠሎች አንድ በአንድ ገልብጣ፣ ብብታቸውን በጥፍሯ ከፍታ አየች። ሥሯንም አየች። ዓይናቸው የተሠራላቸው አሮጊት እናቷ አጠገቧ ቆመው አብረው ያያሉ።

«ንጹሕ ናት» አሉ አሮጊቷ።

ያኔ ጠቀለለቻትና ብብቷ ሥር ያዘቻት።